ኢንተርኮም ከርቀት በጽሑፍ ኮማንድ ስታዙ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሰሞኑን ስለ ኢንተርኮም (በር ላይ ተተክሎ የሚያነጋግረውና በሩን የሚከፍተው እቃ) ሦስት ሰው ደውሎ «እቃው ተበላሽቷል፣ ኮማንድ ስልክለት ዝም ይላል» አለኝ። ሦስቱም ጋ እቃው ደህና ነበር፣ ሦስቱም ጋ ችግሩ አንድ ነው፣ ስለዚህ እሱን ላስቀድም።

ኮማንዱን ሳትጨርሱ መላክ። በቲሲፒ (በኔትወርክ ዳታ መላኪያ መንገድ) ጽሑፍ የሚቀበል ኢንተርኮም ኮማንዱ ማለቁን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ በሚመጡ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ነው፣ ቁጥራቸው 13 እና 10። በቴልኔት (ከርቀት በጽሑፍ ማዘዣ ፕሮግራም) ገብታችሁ በእጅ ስትጽፉ ኢንተር ትጫናላችሁ፣ ሁለቱም ይሄዳሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ደስ ይላችኋል። ያንኑ ቃል ወደ ስክሪፕት (ኮማንዱን በራሱ የሚልክ አጭር ፕሮግራም) ስትገለብጡት ግን ኢንተሩ አብሮ አይሄድም። እቃው ቀሪውን እየጠበቀ ቁጭ ይላል፣ ኤረር የለም፣ መልስ የለም። እናንተ ደግሞ ዝም ሲላችሁ ደግማችሁ ትልካላችሁ፣ ሁለቱ ተጣብቀው «ክፈትክፈት» ይሆኑና አሁን እንኳን ኢንተር ብትልኩለት አይገባውም። ከዛ ኬብል መቀየር፣ ስዊች መቀየር፣ ፈርምዌር መጫን። አንዱማ ከግድግዳ ነቅሎ በፌስታል ይዞልኝ መጣ! በነገራችን ላይ 10ን ብቻ መላክም አለ፣ ሊኑክስ ላይ የለመዳችሁ በዚህ ትያዛላችሁ፣ አንዳንዱ እቃ ይቀበላል አንዳንዱ አይቀበልም። ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል ወገን፣ አንብቡት።

የአማርኛ ኪቦርድ። ይሄ የኛ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ኮማንዱን ስልኩ ላይ አስተካክሎ በቴሌግራም ላከልኝ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አፈጠጥንበት። ለካ : መሆን የነበረበት ፡ ነው! በዓይን አንድ ናቸው፣ ለእቃው ግን አንዷ አንድ ባይት ሌላዋ ሦስት ባይት ናት።

& ያለበትን የኤችቲቲፒ ሊንክ ተርሚናል ላይ ያለ ጥቅስ ምልክት መጻፍም ያው ነው፣ ከ& በኋላ ያለው ተቆርጦ ይቀራል።

«ክፈት» እና «ለ5 ሰከንድ ክፈት» አንድ አይደሉም። ይሄንን የሠራሁት ራሴ ነኝ። አንድ ጂ+4 ሕንፃ ላይ ስሞክር ሪሌውን (ለበሩ ቁልፍ ከረንት የሚለቅና የሚያቋርጥ ማብሪያ ነው) ኦን አልኩት፣ በሩ ጠቅ አለ፣ ላፕቶፔን ዘግቼ ወደ ቤቴ። ኦፍ ያለው ማንም የለም። በሩ ሌሊቱን ሙሉ ገፋ ላደረገው ሁሉ ሲከፈት አደረ፣ ጠዋት ጥበቃው ደውለው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ቁልፍህ እንደ ምጣድ ግሏል እኮ» አሉኝ። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከረንት እንዲያገኝ የተሠራ ሎክ ነበር፣ ኮይሉ (ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል) ነዷል። አዲሱን የገዛሁት ከኪሴ ነው።

«200 መልሶልኛል፣ ስለዚህ ተከፍቷል» ማለት። 200 እቃው በኤችቲቲፒ ስታዙት የሚመልሰው ቁጥር ነው፣ ትርጉሙ ጥያቄህ ደርሶኛል ነው። ውስጡን ስታዩት «አልተሳካም» ብሎ የጻፈላችሁ ሊሆን ይችላል፣ ተሳካ ቢል እንኳን ሪሌው ጠቅ አለ እንጂ በሩ ተከፈተ አይደለም። በሩን ማወቅ የፈለገ በሩ ላይ ሴንሰር ያስገባ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለኢንተርኮሙ ሌላ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ሊሰጠው ይችላል፣ ስክሪፕታችሁ ለድሮው አድራሻ ሲልክ ይውላል። አይፒውን ቋሚ አድርጉት።

ከውጭ ሆኜ ልክፈት ብላችሁ ደግሞ ፖርቱን (ከኢንተርኔት ወደ እቃው የሚያስገባውን በር) ራውተር ላይ አትክፈቱት፣ በተለይ ፓስወርዱ ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ። በ2016 ሚራይ የሚባለው ቫይረስ ስንቱን ካሜራና ራውተር የያዘው በዚሁ ነው፣ ቴልኔት እያንኳኳ 60 ገደማ የታወቁ የፋብሪካ ፓስወርዶችን መሞከር ብቻ። ቴልኔት ላይ የምትጽፉት ሁሉ ፓስወርዱም ጭምር እርቃኑን ነው የሚሄደው። ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ኔትወርካችሁ የሚያስገባ የተመሰጠረ መንገድ) አድርጉ፣ አለቀ።

ስትጨርሱ ኮኔክሽኑን ዝጉ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስተናግዱ እቃዎች አሉ። ትናንት «ዝጋው» ያልኩህ ልጅ፣ አሁንም መግባት አልቻልኩም፣ ዝጋው።