የወር አበባ ሲቃረብ ጡት ሲያብጥና ሲያም ምን ማድረግ ይቻላል?

የድሬዳዋ ሙቀት ብቻውን ይበቃ ነበር። በዚያ ላይ የወር አበባ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ጡት ያብጣል፣ ይከብዳል፣ እስከ ብብት ይጠዘጥዛል። ባጃጁ ኮብልስቶን ላይ በነጠረ ቁጥር ደረቷን በክንዷ ደገፍ የምታደርግ ሴት ብዙ ናት። አንዷ በሆዷ «ካንሰር ቢሆንስ?» ትላለች። ሌላዋ ቴሌግራም ላይ «ሆርሞን ያስተካክላል» የተባለ ዱቄት ታዛለች። ሁለቱም ከዚያ በፊት ቀን ቢቆጥሩ ይሻላቸዋል። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይዘወተርምና በአንቺ ልቀጥል።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ዑደት የሚቆጠረው ደም ከታየበት ቀን ጀምሮ ነው። በአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ደህና ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ኤስትሮጅን ይጨምርና የጡትን ቱቦዎች ያነቃቃል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ይነሳል፤ ያኔ ወተት የሚያመርቱት እጢዎች ያብጣሉ፣ ፈሳሽም ይቋጥራሉ። እርግዝና ከሌለ ሁለቱም ሆርሞኖች ይወርዳሉ፣ ደሙ ይመጣል፣ ጡቱም ይረግባል። ይሄ ሆርሞን ተዛባ ማለት አይደለም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። እንዲህ የሚያማቸው ሴቶች ሲመረመሩ የሆርሞናቸው መጠን ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ዑደትሽ ካልተዘበራረቀ ለሆርሞን ምርመራ የምትከፍይው ብር እምብዛም ነገር አይነግርሽም። ለዱቄቱ የምትከፍይውማ ጭራሽ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መመዝገብ ነው። ስልክሽም ይሁን የግድግዳ ካላንደር ይበቃል። ደም የጀመረበትን ቀን አክብቢ። ከዚያ በየማታው ለሕመሙ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጪው፤ የትኛው ጡት እንደሆነም ጻፊ። ሁለት ሦስት ዑደት ያዢው። በእኛ አቆጣጠር የምትመዘግቢ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በይ። ወራችን 30 ቀን ነው። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ የወር አበባሽ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይመጣል፦ መስከረም 10፣ ጥቅምት 8፣ ኅዳር 6። ይህ መዛባት አይደለም። ጳጉሜንንም አትዝለያት! ነሐሴ 20 የጀመረችው ሴት ጳጉሜንን ረስታ መስከረም 18 ትጠብቃለች፤ እሱ ግን መስከረም 13 ከች ይላል፣ ከዚያ «አምስት ቀን ቀደመብኝ» ብላ ትደነግጣለች።

ማስታወሻሽ ሕመሙ ከወር አበባ በፊት ወጣ፣ ደም ሲመጣ ወረደ፣ ሁለቱንም ጡት ነካ ካለሽ፣ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የሚዘባርቅ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። የደረት ጡንቻ ወይም የጎድን አጥንት ሕመም እንኳ ጡት ያመመ ያስመስላል።

ቀጥሎ ጡት መያዣ። እኔ ከመድኃኒቱ በፊት የማየው ይሄንን ነው። ሰልባጅ ተራም ሆነ ታይዋን ገበያ ብዙዎቻችን በዓይን ግምት ነው የምንገዛው። ያበጠበት ሳምንት ላይ ከጡትሽ ሥር ዙሪያውን በሜትር ለኪና ሂጂ። ክብደቱን መሸከም ያለበት የታችኛው ቀበቶ ነው እንጂ የትከሻው ማንጠልጠያ አይደለም። በቀበቶው ሥር ሁለት ጣት ይግባ። እጅሽን ስታነሺ ወደ ላይ ከሸሸ ሰፍቶሻል፤ ትከሻሽ ላይ ምልክት ከተወ ክብደቱን የያዘው ማንጠልጠያው ነው። ለዚያች ሳምንት ብቻ ሰፋ ያለ፣ ሽቦ የሌለው አንድ ቢኖርሽ አይከፋም። ማታ ስትገላበጪ የሚያምሽ ከሆነ ስስ የጥጥ የስፖርት ጡት መያዣ አድርገሽ ተኚ።

ሕመሙ ከበረታ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ አሥር ደቂቃ ያህል ያዢበት። ሙቅ ፎጣ የሚሻላቸውም አሉ፤ ድሬ ላይ ግን ማን ይመኘዋል? ፓራሲታሞል ወይም ከምግብ በኋላ አይቡፕሮፌን ይረዳል። ያመመው ቦታ ላይ የሚቀባ ዳይክሎፌናክ ጄልም ጥሩ ይሠራል። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያምሽ፣ ነፍሰ ጡር የሆንሽ ወይም የምትጠረጥሪ ከሆነ ግን አይቡፕሮፌኑንም ጄሉንም ሐኪም ሳታማክሪ አትንኪ። የምታጠቢ ከሆነ ጄሉን ጡትሽ ላይ አትቀቢ።

ቡና ተዪ የሚሉሽ ይኖራሉ። ማስረጃው ደካማ ነው። ለሁለት ዑደት ቡናውንም ሆጃውንም ቀንሰሽ ቁጥሩ ከወረደ ቀጥይበት፤ ካልወረደ በሰላም ጠጪ።

የወር አበባሽ ከቀረ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ ጡት ማበጥ የእርግዝናም ምልክት ነው። የወሊድ መከላከያ ከጀመርሽ ደግሞ፣ እንክብልም ይሁን መርፌ ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ጡት ሊያም ይችላል። ሕመሙ ካልቀነሰ የሰጠችሽን ባለሙያ እንድትቀይርልሽ ጠይቂያት። በራስሽ ግን አታቋርጪ።

ጡትሽን የምትዳብሺው ደም ካቆመ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይሁን። ባበጠበት ሳምንት ሁሉም ነገር እብጠት ይመስላል፣ በከንቱ ትጨነቂያለሽ። ወር አበባ መጥቶ ሄዶም የማይጠፋ ጓል፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ወይም በአንድ ጡት ብቻ በራሱ የሚፈስ ፈሳሽ፣ የተሰረጎደ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆይ ሕመም ካየሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይልኩሻል። ትኩሳት ያለበት ቀይ እብጠት ከሆነ ግን በዚያው ቀን ታዪ። ሐኪሙ በእጁ ይመረምርሻል። ወጣት ከሆንሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ማሞግራም ይጨመራል። የመዘገብሽበትን ካላንደር ይዘሽ ግቢ፤ «መቼ ነው የሚያምሽ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርልሽም።