ዌትሱትን ከውድድር በፊት በገንዳ መሞከር፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ለውጭ አገር ትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው ለሚደረጉበት ውድድር) የሚዘጋጅ ሰው ዌትሱቱን፣ ማለትም ያንን ጥቁር የጎማ ዋና ልብስ፣ የት ይሞክረው? ለባሕር ዳሩ ጣና ቅርብ ነው፤ ግን ይቅር። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ተውሳኩ የሚገባው በቆዳ ሲሆን ዌትሱት እጅን፣ እግርንና ፊትን አይሸፍንም፤ ውስጡም ውኃ ያስገባል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ እዚያ መንሳፈፍ ለማንም አይመከርም። ስለዚህ የሚቀረው የሆቴል ገንዳ ነው።

ገንዳ ግን ያታልላል። ግድግዳው በየጥቂት ሜትሩ ያሳርፋል፣ ውኃው ይሞቃል፣ ጨውም የለውም። ከታች ያሉት ችግሮች ይህን ታሳቢ አድርገው የተጻፉ ናቸው። አብዛኞቹ የሚጀምሩት ውኃ ውስጥ ሳይሆን ልብሱ በሚለበስባቸው 10 ደቂቃዎች ነው፤ «ጠበበኝ» ተብሎ ከሚመለሰው ልብስ ብዙው በደንብ ሳይለበስ የቀረ ነው።

ከጉልበት በላይ አልወጣ አለ፤ ወይም የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ታየበት

መንስኤው ሁለት ነው። አንደኛው ላብ ወይም እርጥበት ያለው ገላ ነው፤ ኒዮፕሪን፣ ማለትም ልብሱ የተሠራበት ጎማ፣ እርጥብ ቆዳ ላይ ይለጠፋል እንጂ አይንሸራተትም። ሁለተኛው ጥፍር ነው። የልብሱ ውጫዊ ገጽ ለስላሳና ስስ ስለሆነ በጥፍር ተቆንጥጦ ሲሳብ ይሰነጠቃል።

ገላዎን በደንብ ያድርቁ፤ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይልበሱ። እግርዎን ፌስታል ውስጥ ከትተው ያስገቡት፣ ሲወጣ ፌስታሉን ይምዘዙት። ለእጅም እንዲሁ። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቅ፤ ስስ የጥጥ ጓንት ካለ እሱን አጥልቆ መሳብ የተሻለ ነው። ልብሱን ከላይኛው ጫፉ ይዘው አይጎትቱ። ከባትዎ ላይ በጣትዎ ሆድ (በጥፍር አይደለም) ትንሽ እጥፋት ይያዙ፣ ወደ ላይ ይግፉት፣ ከዚያ ከበላዩ ሌላ እጥፋት ይያዙ። ታችኛው ጫፍ ከቁርጭምጭሚት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። አጥሮ ከታየዎት ልክ ነው፤ ያ ርዝመት ከላይ በኩል ያስፈልጋል።

ስንጥቁ ከተፈጠረ በኋላ በመርፌ አይስፉት፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ አዲስ የውኃ መግቢያ ነው። ለኒዮፕሪን ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ ከልብሱ ጋር አብሮ ማስመጣት ይሻላል። ሲደርቅ የሚጠነክር ማስቲሽ ልብሱ ሲለጠጥ ተሰንጥቆ ይነሳል።

ደረት ተጨንቆ ትንፋሽ አጠረ

ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። አራት መንስኤ ሊኖረው ይችላል፤ በቅደም ተከተል ይፈትሹ።

መጀመሪያ ብሽሽትን ይመልከቱ። በብሽሽትዎና በልብሱ መካከል ክፍተት ካለ፣ ልብሱ ከታች ሆኖ ትከሻን ወደ ታች ይስባል፤ ደረትን የሚጫነው ያ ስበት ነው። ዚፑን ከፍተው ከጭን ጀምረው እጥፋት በእጥፋት ወደ ላይ ያምጡት፣ ከዚያ ከሆድ ወደ ደረት። ቀጥለው ሳይገቡ ደረቅ ምድር ላይ አምስት ጊዜ በጥልቀት ይተንፍሱ። ምድር ላይ ሙሉ ትንፋሽ ካልተወሰደ ውኃ ውስጥ አይወሰድም፤ አይግቡ።

ሁለተኛው በልብሱና በቆዳው መካከል የታመቀ አየር ነው። ጥልቀት በሌለው በኩል ቆመው የአንገቱን ጠርዝ በጣት ሳብ አድርገው ጥቂት ውኃ ያስገቡ፤ ከዚያ ወጥተው ቀጥ ብለው ይቁሙ። ትርፉ ውኃ በእግር በኩል ይወርዳል፣ ልብሱም ገላ ላይ ይቀመጣል። ትንሽ ነገር ነው፤ ለውጡ ግን ወዲያው ይታወቃል።

ሦስተኛው ልኩ ነው። ብሽሽቱም ትከሻውም በትክክል ተቀምጦ አሁንም ደረት ላይ በሁለት ጣት እጥፋት መቆንጠጥ ካልተቻለ ልብሱ በእርግጥ ጠባብ ነው። የአምራቾች የልክ ሰንጠረዥ ቁመትንና ክብደትን ይጠይቃል፤ በሁለት ልክ መካከል የወደቀ ሰው ክብደቱንና የደረቱን ዙሪያ ያስቀድም።

አራተኛው ቅዝቃዜ ነው፤ ይህን የባሕር ዳር ገንዳ ሊያሳይዎ አይችልም። ፊት ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ትንፋሽ ሳይታዘዝ ይቆራረጣል። ቤት ውስጥ ሳፋ ሙሉ ውኃ ላይ በረዶ ጨምሮ ፊትን ለ10 ሰከንድ መንከርና በአፍንጫ አረፋ ማውጣት ጥሩ ልምምድ ነው። ሰው አጠገብዎ ሆኖ ይሁን።

ከመጨናነቁ ጋር ሳል ከመጣ፣ በተለይ አክታው አረፋማ ወይም ሮዝ ከሆነ፣ ይህ የልብስ ጉዳይ አይደለም። በዋና ጊዜ ሳንባ ውኃ የሚቋጥርበት ሁኔታ አለ። ወዲያው ይውጡ፣ ዚፑን ይክፈቱ፣ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ከ100 ወይም ከ200 ሜትር በኋላ ትከሻ ዛለ

የጥሩ ዌትሱት ክንድና ትከሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ደረቱና ጭኑ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የክንዱ ስስ ጎማ የሚለጠጠው ግን የሚለጠጥ ትርፍ ከተተወለት ነው። እጅጌው አንጓ ላይ ወርዶ ብብት ሥር ባዶ ቦታ ካለ፣ እያንዳንዱ የክንድ ምት ላስቲክ እንደ መሳብ ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ከወገብዎ ጎንበስ ይበሉ፣ ግራ ክንድዎን ወደ ታች ያንጠልጥሉ። በቀኝ እጅዎ ከአንጓው በላይ ያለውን ጎማ በጣት ሆድ ይያዙና እጥፋቱን ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ብብት፣ ከብብት ወደ ትከሻ ጫፍ እያሻገሩ ይውሰዱት። ትከሻው አናት ላይ የአውራ ጣት ያህል ወፍራም ሽብሽብ ከቀረ በትክክል ተለብሷል። ቀኙም እንዲሁ። ዚፑ ከኋላ ከሆነ ሌላ ሰው ይዝጋው፤ እርስዎ ትከሻዎን ወደ ኋላ ገጥመው ይቁሙ። ዚፑን በገመዱ ብቻ በኃይል መሳብ ስፌቱን ይበጥሳል፤ አንድ እጅ የታችኛውን ጫፍ ይያዝ።

እዚህ ላይ ግድግዳው ያታልላል ያልነው ይመጣል። 15 ሜትር በሆነ ገንዳ ውስጥ ክንድ ሰባት ስምንት ጊዜ ሠርቶ ያርፋል፤ የትከሻ ድካም አይታይም። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነችና መፍትሄው ከማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ አለ፤ ያረጀ ከመነዳሪ። በርዝመቱ ለሁለት ይቁረጡት፣ ሁለቱን ቁራጭ ጫፍ ለጫፍ ያያይዙ፣ አንዱን ጫፍ ከገንዳው መሰላል ጋር ያስሩ። ሌላውን በቀጥታ ልብሱ ላይ አያስሩት፤ ጎማ ከጎማ ተፋትጎ ኒዮፕሪኑን ይልጣል። ወገብን በሰፊ መቀነት ሁለት ዙር ጠምጥመው ከመነዳሪውን ከጀርባ በኩል መቀነቱ ላይ ያስሩ። ቋጠሮው በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን፤ ጫፉም እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቅር፤ ገንዳው ዳር የሚቆም ሰውም ይኑር። አሁን ባሉበት ቦታ ሆነው ያለ ግድግዳ ይዋኙ። 10 ደቂቃ ሳይቆሙ ከዋኙ ትከሻው እውነቱን ይናገራል።

አንገት ተፋቀ

ይህ የሚታየው ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው፤ አጭር ሙከራ አያወጣውም። አንዱ መንስኤ የሚለጠፈው የአንገት ማሰሪያ ነው፦ ሻካራ ወገኑ ከለስላሳው ጠርዝ ካለፈ ቆዳን እንደ ሞረድ ይበላል። ሁለቱ ጠርዞች ልክ ለልክ እስኪገጥሙ ደጋግሞ ማሰር ነው። ሌላው፣ በውድድር ላይ አቅጣጫ ለማየት ጭንቅላት ቀና ይላል፤ በገንዳ ግን ማንም ቀና አይልም። ስለዚህ በሙከራው ላይ በየስድስት ምቱ አንዴ ቀና ብለው ከፊት ያለ ነገር ይዩ፤ በሁለቱም ጎን ይተንፍሱ። የሚፋቀው ቦታ ያኔ ይታወቃል፤ ቅባት የሚቀባውም እዚያ ነው።

ቅባቱ ቫዝሊን አይሁን። አምራቾች ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ኒዮፕሪኑንና ማጣበቂያውን ይጎዳል ብለው ያስጠነቅቃሉ። በሲሊኮን ወይም በውኃ የተሠራ ቅባት ይፈልጉ። ከተቀቡ በኋላ እጅዎን ይታጠቡ፤ በቅባት ጣት የተነካ የዋና መነጽር ቀኑን ሙሉ ይጋረዳል።

እግር ከውኃ በላይ ወጣ፣ ወገብ ታመመ

ጎማው አየር የቋጠረ ስለሆነ ዳሌንና እግርን ያነሳል። እግሩ የሚሰምጥበት ዋናተኛ በዚህ ይደሰታል፤ በደንብ የሚዋኘው ግን ተረከዙ አየር ላይ ሲራገጥ ያገኘዋል። የእግር ምትን ይቀንሱ፣ ዓይንን ከቀጥታ ወደ ታች ትንሽ ወደ ፊት ያንሱ። ውድድሩ ባሕር ላይ ከሆነ ይህ ይብሳል፤ የባሕር ውኃ ከገንዳው ውኃ ከመቶ 2.5 እጅ ያህል ይከብዳልና የበለጠ ያንሳፍፋል።

ጀርባ ላይ ውኃ ተጠራቀመ፣ ሲወጡ እግሩ እንደ አቁማዳ ተነፋ

ሰፊ ነው። ስስ የውኃ ሽፋን መግባቱ ጤናማ ነው፤ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ግን መፍትሄው ትንሽ ልክ ነው፤ ልብስ ሰፊ ጋር ወስዶ ማስጠበብ አይሆንም። ከመመለስዎ በፊት ግን ዚፑ ጫፉ ድረስ መዘጋቱን ይዩ።

ራስ ምታት፣ ፊት መቅላት፣ ማዞር

ሙቀት ነው። ዌትሱት የተሠራው ለቀዝቃዛ ውኃ ሲሆን ገላ ሙቀቱን የሚያስወጣበትን መንገድ ይዘጋል። ሙከራውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ያድርጉ፤ ያልሞቀ ገንዳ በጣም የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው። አንዱ ዙር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሁን፣ በመካከል ዚፑን ከፍተው ውኃ ይጠጡ። ማዞር ከጀመረ ሙከራው አልቋል፤ ልብሱ ወገብ ድረስ ይውረድ፣ ገላ ላይ ውኃ ይፍሰስ።

ውድድሩ ዌትሱት ይፈቅድ እንደሆነም አስቀድሞ መታየት አለበት። በዓለም ትራያትሎን ደንብ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረ ልብስ አይፈቀድም፤ እስከ 1500 ሜትር በሚዋኝበት የዕድሜ ምድብ ውድድር ደግሞ ውኃው 22 ዲግሪ ሲደርስ ዌትሱት ይከለከላል። ሌሎች አዘጋጆች የራሳቸው ወሰን ስላላቸው የውድድሩን መመሪያ ያንብቡ። በዚህ ምክንያት ያለ ዌትሱት መዋኘትንም መለማመድ ግድ ነው።

አልወልቅ አለ

ሲለበስ ትንሽ እርጥበት ያጣብቃል፤ ሲወልቅ ግን በውስጡ በቂ ውኃ እያለ ይንሸራተታል፤ ውኃው ወርዶ ካለቀ መልሶ ይለጠፋል። ከገንዳው እንደወጡ እየተራመዱ ገመዱን ስበው ዚፑን ይክፈቱ፣ ሁለቱንም እጅጌ አውልቀው እስከ ወገብ ያውርዱ። ከዚያ በአንድ ግፊት ከጉልበት በታች ይገልብጡት፤ በአንዱ እግር ልብሱን ረግጠው ሌላውን ይምዘዙ። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ በውድድር ቀን እዚያ የሚታሰረው የሰዓት መቆጣጠሪያ (ቺፕ) ማሰሪያ ነው፤ ለልምምድ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ጨርቅ አስረው ይሞክሩ። አምስት ጊዜ ለብሶ ማውለቅ አንድ ጠዋት ይበቃዋል፤ በየመካከሉ ገላን ማድረቅ ይጠይቃል እንጂ።

ከሙከራው በኋላ ደረቀ፣ ጠነከረ፣ ሸተተ

ክሎሪን ኒዮፕሪንን ቀስ በቀስ ያደክማል። ለሁለት ሦስት ሙከራ አይጎዳውም፤ የዘወትር ልምምድ ልብስ ማድረግ ግን ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከገንዳ እንደወጣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጡንም ውጩንም ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት። ኦሞና በረኪና አይንካው፣ አይጠምዘዝ። ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው፣ ከወገቡ አጥፈው ወፍራም ነገር ላይ ያንጠልጥሉት፤ የሽቦ ማንጠልጠያ ትከሻውን ይቀድደዋል። ቦታው ጥላ ይሁን፤ የበጋው ፀሐይ ጎማን ያደርቃል። በክረምት አንድ ቀን ላይበቃው ይችላልና ውስጡ ሲደርቅ ገልብጠው ውጩን ያናፍሱ። ለማፋጠን ብሎ ከሰል አጠገብ ማስጠጋት ልብሱን ማበላሸት ነው። የሸተተ ልብስ ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ ነው፤ በውኃ ዘፍዝፎ ደግሞ ማናፈስ ብዙ ጊዜ ያድነዋል።