የዲስክ መንሸራተት ይዞ ቀኑን እንዴት መግፋት ይቻላል

ኤምአርአይ ተነስታችሁ «ዲስክ መንሸራተት ነው» ከተባላችሁ አልጋ ላይ አትቅሩ። እኔ ሦስት ሳምንት ተኝቼ ስነሳ ወገቤ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር። ሕመሙ ሲብስ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ይበቃል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ዲስኩ ተንሸራቶ የትም አይሄድም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሳይ ነገር ወደ ውጭ ይወጣና ነርቭ ይነካል፤ ወገብ ታሞ እግር የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

ጠዋት ከአልጋ በአንዴ ቀና አትበሉ። በጎን ዙሩ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ እግራችሁን ወደ መሬት እያወረዳችሁ በክንዳችሁ ገፍታችሁ ተነሱ።

ከዚያ ጀሪካን አለ። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ እሱን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ደረጃ መውጣት ይቅርባችሁ። በባለ 5 ሊትር፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ፣ ተመላለሱ። ስታነሱ ከጉልበታችሁ ሸብረክ በሉ፣ ዕቃውን ወደ ሆዳችሁ አስጠጉት፣ መዞር ካለባችሁም ወገባችሁን ሳትጠመዝዙ በእግራችሁ ዙሩ።

ቡና ላይ ያለችው አጭር በርጩማ ደግሞ የለየላት ጠላት ናት (ማንም አያምነኝም)። ጎብጦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ መቀመጥ ማታ ያስከፍላል። ከፍ ያለ ወንበር ጠይቁ፣ ቶናውን ቆማችሁ ጠጡ፣ የሚስቅ ይሳቅ። ታክሲም ላይ የኋላው ወንበር ሲያነጥር ነፍስ ያወጣል፤ ጋቢና እስኪገኝ ሁለት ታክሲ ቢያልፋችሁ ምንም አይደል። ስግደት ከከበዳችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ሶላትም ላልቻለ ሰው ወንበር ላይ ይሰገዳል።

በየቀኑ በእግር ሂዱ፣ በ10 ደቂቃ ጀምሩ። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳያችሁን እንቅስቃሴ ሕመሙ ሲቀልም አታቁሙ፤ እኔ እያቆምኩ ነው ሕመሙ የተመላለሰብኝ። ውጌሻ ወገባችሁን እንዲጎትት ግን አትፍቀዱ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻም እንደ ከረሜላ አትቃሙት፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሽንት አልወጣ ካላችሁ፣ በጭናችሁ መካከል ከደነዘዛችሁ ወይም ሁለቱም እግራችሁ ከዛለ፣ ያን ቀን ጋቢና አትጠብቁ። ያገኛችሁትን መኪና ይዛችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።