ያገለገለ የመኪና ጂፒኤስ ደሴ ላይ እንዴት ይሸጣል?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያገለገሉ ኤሌክትሮኒክስ እሸጣለሁ። ስልክ፣ ካሜራ፣ ሬዲዮ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ትቶት የሚሄደው፣ የመኪና መስታወት ላይ ተለጥፎ መንገድ የሚያሳየው ጂፒኤስም እጄ ይገባል። አብዛኛው ጋርሚን ወይም ቶምቶም ነው። ባለቤቱ ይዞት ይመጣና «ስንት ያወጣል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «የየት አገር ካርታ አለው?» እለዋለሁ።

የምትሸጡት ካርታውን ነውና። መሣሪያው ከሳተላይት በሚመጣው ሞገድ የሚያውቀው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። መንገዱና የመንገዱ ስም ያለው ሆዱ ውስጥ በተጫነው ካርታ ላይ ነው። አሜሪካ የተገዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለው የሰሜን አሜሪካ ካርታ ነው። እሱን ይዞ ጅዳ የሄደ ሰው ባዶ ሊባል በሚችል ስክሪን ላይ የምትንቀሳቀስ መኪና ከማየት ሌላ ጥቅም የለውም።

ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የካርታዎቹን ዝርዝር ክፈቱ። የአገሮቹ ስምና ካርታው የወጣበት ዓመት ይታያል። ፎቶ አንሱት። ለማስታወቂያ ከመሣሪያው መልክ ይልቅ ይሄ ፎቶ ነው ገዢ የሚያመጣው። ኑቪ የሚባለው የጋርሚን ዓይነት ከሆነ የሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤልኤም» (LM) የሚሉ ፊደላት ካሉ የዕድሜ ልክ ካርታ ማደሻ አለው። ዕድሜው ግን የመሣሪያው እንጂ የሰው አይደለም። ኩባንያው ለዚያ ሞዴል ማደሻ ማውጣት ካቆመ በቃ፣ አለቀ። «ዕድሜ ልክ ነው» ብላችሁ አትማሉ።

የገልፍ አገሮች ካርታ ያለው ደሴ ላይ ጥሩ ገዢ አለው። ለሹፌርነት ሳውዲ ወይም ኩዌት የሚሄድ ልጅ እዚህ አይጠፋም። በደረሰ ማግስት ማዳም «ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጣ» ትለዋለች። ሰፈሩን አያውቅ፣ ስልኩ ላይ ገና ዳታ የለ። ጂፒኤሱ ኢንተርኔትም ሲም ካርድም አይጠይቅም። ለዚህ ልጅ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱለት፣ ወይም አረብኛ የሚችል ከሆነ እሱ የሚለውን አድርጉለት። ጀርመንኛ እየተናገረ የመጣ መሣሪያ ገዢውን ያስደነግጣል። አማርኛ የሚናገር ግን እስካሁን እጄ አልገባም።

የአሜሪካና የአውሮፓ ካርታ ያለው ደሴ ላይ ቶሎ አይሄድም። እሱን የሐረጎን ቁልቁለት አውርዳችሁ ኮምቦልቻ ውሰዱት። ደረቅ ወደቡ አካባቢ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች አሉ። ጋርሚን ከሆነ ሰዎች በበጎ ፈቃድ ከሚሠሩት ከኦፕንስትሪትማፕ ካርታ የተዘጋጀ ነፃ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ካርታ በሚሞሪ ካርድ መጫን ይቻላል። ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ «Garmin» የሚል ፎልደር ከፍታችሁ ፋይሉን እዚያ ውስጥ ማስገባት ነው። ቶምቶም ይሄን አይቀበልም። በረሃው ላይ ኔትወርክ ጥሎት የሚያውቅ ሹፌር ዋጋውን ለማስረዳት ብዙ ወሬ አያስፈልገውም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው። የመኪና ቻርጀሩ ላይ «12–24» የሚል ካልተጻፈ እንዳይሰካው።

አሁን ብዙ ሽያጭ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ሙከራው። ገዢው ይመጣል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆማችሁ ታበሩታላችሁ፣ መሣሪያው «ሳተላይት እየፈለግኩ ነው» ይላል፣ ይላል፣ ይላል። ገዢው «ተበላሽቷል» ብሎ ይሄዳል። መሣሪያው ግን ጤነኛ ነው። መጨረሻ የበራው ምናልባት ሌላ አህጉር ላይ ነው፤ የሳተላይቶቹን አጠቃላይ ሰንጠረዥ እንደ አዲስ ከሰማይ ማውረድ አለበት። ይሄ ሙሉ ለሙሉ ሲወርድ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ባትሪውን ሞልታችሁ ሰማይ የሚታይበት ሜዳ ላይ አብሩትና ተዉት። ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይት ማግኘት አለበት። አንዴ ካገኘ በኋላ ገዢው ፊት ሲበራ ቶሎ ይይዛል።

«የደሴ ጉም አያስቸግረውም?» የሚሉኝ አሉ። አያስቸግረውም። የሳተላይቱ ሞገድ ጉምና ደመና ያልፋል። የሚያግደው ቆርቆሮና ኮንክሪት ነው።

ሳተላይት መያዙን ለማሳመን ከፍታውን አሳዩ። ደሴ ላይ ወደ 2,500 ሜትር ይላል። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ወደ 1,850 ይጠጋል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ይዞት የወረደ ገዢ ቁጥሩ ሲቀንስ በዓይኑ ያያል፣ ክርክር የለም።

ቀኑንም ተመልከቱ። ጂፒኤስ ቀኑን የሚያውቀው ሳምንት እየቆጠረ ነው፤ ቆጠራው 1,024 ሳምንት ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። መጨረሻ የዞረው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ነው። ያኔ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያዎች ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሄደ ቀን ሊያሳዩ ይችላሉ። ማደሻ ካለው በኮምፒውተር አድሱት። ከሌለው ለገዢው ንገሩና ዋጋውን ቀንሱ። ባትሪው አብጦ ጀርባውን ከገፋው ግን ባትሪው ሳይቀየር አትሽጡት።

ከመሸጣችሁ በፊት ሁሉንም አጥፉ። «ቤት» ተብሎ የተመዘገበው አድራሻ መሣሪያውን የተወላችሁ ዘመድ በር ነው፤ ማንም እጅ መግባት የለበትም። የተሄደባቸው ቦታዎች፣ በብሉቱዝ የተገናኘ ስልክ ካለም እሱ፣ ሁሉም ይጥፋ። ሪሴት ማድረግ ይቀላል። ኩባንያው ዘንድ ከተመዘገበበት የባለቤቱ አካውንት ላይም አስወጡት፣ ካለበለዚያ አዲሱ ገዢ ካርታ ሲያድስ ይቸገራል። የፍጥነት ካሜራ ዝርዝር ከተጫነበትም ሰርዙት። ስዊዘርላንድን የመሰሉ አገሮች ካሜራ የሚጠቁም መሣሪያ ይዞ መንዳት ይከለክላሉ።

ዋጋ ላይ ሻጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሲገዛ የወጣበትን ዶላር ባሁኑ ምንዛሪ ያባዛዋል። ከሐምሌ 2016 ወዲህማ ብር በገበያ መመንዘር ሲጀምር ቁጥሩ ሰማይ ወጣ። ገዢው ግን የሚያስበው ስልኩን ነው፤ ስልኩ ካርታ በነፃ ያወርዳል። ስለዚህ የሚከፍላችሁ ስልኩ ለማይሰጠው ብቻ ነው፦ ካርታ ለማውረድ ዳታ አለመፈለጉ፣ ስልኩን ለጥሪ ነፃ ማድረጉ፣ ትልቅ ስክሪኑ። መስታወት ላይ የሚለጠፈው መያዣና የመኪና ቻርጀሩ አብረው ካልሄዱ እነዚህ ሁሉ ዋጋ የላቸውም። ለየብቻ አትሽጧቸው።

ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ እንዲህ ይበቃል፦ «ጋርሚን ኑቪ፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ የሳውዲና የኤምሬትስ ካርታ ያለው፣ ከነመያዣውና ከነመኪና ቻርጀሩ፣ ሰማይ ሥር ተሞክሮ የሚሸጥ፣ ደሴ።» ደላላ ከገባ ኮሚሽኑን መጀመሪያ ተነጋገሩ።

ብሩ በቴሌብር ከሆነ ገዢው ስልኩ ላይ የሚያሳያችሁን መልእክት አትመኑ። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ቀሪውን እዩ። ከዚያ በአንዲት ወረቀት ላይ የመሣሪያውን ሲሪያል ቁጥር፣ ቀኑንና ዋጋውን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ዕቃው የተሰረቀ ነው የሚል ሰው ቢመጣ ለገዢውም ለእናንተም መልስ የምትሆነው እሷ ናት።