«ያው ይቀጥል» የሚለው ማዘዣ ሲጎዳ፦ በክትትል ክሊኒክ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በክትትል ክሊኒክ የሚሠራ የቤተሰብ ሐኪም ረፋዱን የሚያሳልፈው በአብዛኛው አዲስ መድኃኒት በመጀመር ሳይሆን የነበረውን በማስቀጠል ነው። ወረፋው ሲረዝም በካርዱ ላይ «ያው ይቀጥል» ብሎ መጻፍ ይቀናል፤ ነገር ግን ማዘዣውን የፈረመ ሐኪም መድኃኒቱን በዚያ ቀን እንደ አዲስ አዝዞታልና ኃላፊነቱም የእርሱ ነው።

ችግር፦ የደም ግፊት ታካሚው እግሩ አብጦ ሽንት የሚያበዛው ፉሮሴማይድ ቢጨመርለትም እብጠቱ አልጎደለም።

ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት ተመርምረው ደህና ከሆኑ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን ነው፤ በተለይም መጠኑ 10 ሚሊ ግራም ሲደርስ። እብጠቱ የሚመጣው ትንንሽ የደም ሥሮች በመስፋታቸው እንጂ ሰውነት ውኃ በማጠራቀሙ ስላልሆነ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት አያነሣውም። መፍትሄው አምሎዲፒኑን መቀነስ ወይም መቀየር፣ ከዚያም ያለ ምክንያት የተጨመረውን ፉሮሴማይድ ማቆም ነው። በሌላው የደም ግፊት መድኃኒት በኢናላፕሪል ምክንያት የመጣ ደረቅ ሳል በአንቲባዮቲክ ሲታከም የሚፈጸመውም ስሕተት ያው ነው፤ ሳሉ የሚጠፋው መድኃኒቱ ለምሳሌ በሎሳርታን ሲተካ ነው።

ችግር፦ የስኳር መድኃኒት የሆነውን ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ እናት በዐቢይ ጾም ከቀትር በፊት ላብ አጥምቋቸው፣ ንግግራቸው ተምታቶ ይመጣሉ።

ማዘዣው የተጻፈው በፍስክ ወራት ነው፤ እርሳቸው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይቆያሉ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይሠራል፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ የበለጠ ይቆያል። ስለዚህ የወረደው ስኳራቸው በግሉኮስ ከተስተካከለ በኋላም ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል ወዲያው ወደ ቤት አይሸኙም። ዘላቂው መፍትሄ ከሁዳዴም ሆነ ከረመዳን በፊት ባለው ቀጠሮ «ይጾማሉ ወይ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ፣ ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ጋር እንዲመክሩ ማበረታታትና መጠኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ማስተካከል ነው። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ግሊቤንክላሚድን በሌላ መተካት ይመረጣል። ይህ ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ አለመጠየቁ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ችግር፦ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የምትወስድ ሴት ክንዷ ላይ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ እያላት አርግዛለች።

እንደ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉበት የመከላከያውን ሆርሞን ቶሎ እንዲሰባብር ያደርጋሉ። መከላከያውን ያስገባችው ባለሙያ መድኃኒቱን፣ መድኃኒቱን የሚያስቀጥለው ሐኪም ደግሞ መከላከያውን ሳያውቁ ይቀራሉ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ስለ እርግዝና ዕቅድ መጠየቅና የመዳብ ሉፕ ወይም በመርፌ የሚሰጠውን ዲፖ ማማከር ይገባል። እርግዝና ቢፈጠርም ፌኖባርቢታል በድንገት አይቋረጥም፤ ድንገተኛ ማቋረጥ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

በሁለት ክሊኒኮች መካከል የሚጠፋ መረጃ ሌላም አደጋ አለው፦ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪር የጀመረ የስኳር ታካሚ የሜትፎርሚን መጠኑ በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ መታየት አለበት።

ችግር፦ ሐኪሙ ሥልጠናውን ተከታትሏል፣ የምስክር ወረቀቱም ለሙያ ፈቃድ እድሳት ቀርቧል፤ ማዘዣው ግን አልተለወጠም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ስለሆነም የክትትል ሥራው በአብዛኛው የወደቀው በጠቅላላ ሐኪሞች፣ በጤና መኮንኖችና በነርሶች ላይ ነው። ለእነርሱ የሚሰጠው ተከታታይ ሥልጠና ከአዳራሽ ሳይወጣ ከቀረ የራሳቸውን ታካሚ ካርድ አይነካም። እኔ የማምንበት መፍትሄ ከፋርማሲ ባለሙያውና ከነርሷ ጋር ሆኖ 20 ካርዶችን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ መመለስ ነው፤ ለምሳሌ ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርጉ የሚችሉትን ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ለሚወስዱ ሁሉ የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየው የክሬያቲኒን ምርመራና የፖታሲየም ምርመራ መቼ ተሠራላቸው? ምርመራው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተጨመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ መሠራት ሲገባው ያልተሠራላቸው ይጠራሉ፣ ከመድኃኒት ቤት ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችለውን የሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ እየገዙ እንደሆነም ይጠየቃሉ። ከሦስት ወር በኋላ ሌሎች 20 ካርዶች ወጥተው በዚያው ጥያቄ ይታያሉ።