የጮቄንና የዓባይን ዳር ጉዳይ ለተመራጭ ስታቀርቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጮቄ ተራራና የዓባይ ዳር ተፈጥሮ ጥበቃ ሲነሣ የሚሰማው «ሕግ የለንም» የሚል ለቅሶ እኔን አያሳምነኝም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰጥቷል። አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሕዝቡ የመምከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300 የወጡት በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጅ 541 በ1999። የጎደለን ይህን ይዞ ተመራጩ ፊት የሚቆም ሰው ነው። ሰው ሲገኝም፣ ደብረ ማርቆስ ይሁን ቡሬ ወይም ሞጣ፣ እነዚህን ስህተቶች ሲሠራ አያለሁ።

ለማይመለከተው ሰው መጮህ

የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅን ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ስለዚህ አዋጁ እንዳይላላ ወይም እንዲጠብቅ ከፈለጋችሁ ሰውየው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላችሁ ነው። የጮቄ አናት ላይ የተራራው ተክል፣ ጅብራውና አስታው፣ ተመንጥሮ ገብስ ሲዘራ ግን አዲስ አበባ ያለው አባል የሚያደርግላችሁ ትንሽ ነው፤ ይህ የክልል ምክር ቤት አባላችሁ ጉዳይ ነው። የወል ግጦሹን ቆርሶ ለአራሽ የሰጠው ቀበሌ ከሆነ ደግሞ ከወረዳ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጀምሩ። ሦስቱንም ባንድ ደብዳቤ መጥራት ሦስቱም እንዲገፉት መፍቀድ ነው። ለአንዱ ጻፉ፤ ለሌሎቹ ግልባጭ ይድረሳቸው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ዶዘሩ ረግረጉን መድፈን ከጀመረ በኋላ ነው ሰው የሚሰበሰበው። አዋጅ 299 ግን የተጽዕኖ ጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ እንዲቀርብና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል፤ ይኸውም ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ፋብሪካ ሊተከል፣ የድንጋይ ካባ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ የሰማችሁ ዕለት የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ጥናቱ የት አለ?» ይሁን። ተመራጩም ይህን ጥያቄ በእናንተ ስም የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ይዞ ቢሄድ ምንም አይከብደውም። ፈቃድ ከወጣ በኋላ «አስቁምልን» ማለት ግን ተመራጩን ከባለሀብትና ከባለሥልጣን ጋር ማጋጨት ነው፤ ያን የሚደፍር ተመራጭ ብዙ አላየሁም።

የምክር ቤቱንም የሥራ ዘመን ዕወቁ። የተወካዮች ምክር ቤት የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። ለደን ጥበቃ ገንዘብ ይመደብ የሚል ጥያቄ ሐምሌ ላይ ይዞ የሚመጣ ሰው በጀቱ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ነው የደረሰው።

«ደናችን እየጠፋ ነው» ብሎ ማቆም

እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚቃወም የለም፤ የሚፈጽመውም የለም። አንባቢው ጠርዙ ላይ «ለሚመለከተው ይመራ» ይልበትና ይሄዳል። በምትኩ እንዲህ ያለ ነገር አስቡ፦

«በቀበሌያችን ከጨሞጋ ወንዝ ገባር ምንጭ በላይ ያለው የወል ግጦሽ ባለፈው ሚያዝያ ለእርሻ ተሰጥቷል። ምንጩ የታችኛው መንደር የመጠጥ ውኃ ነው። ማረሱ እንዲቆም፣ መሬቱ የተሰጠበት ውሳኔ እንዲመረመርና ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ አድርጎ እንዲይዘው እንጠይቃለን።»

ቦታው፣ ጊዜው፣ የሚጎዳው ሰው፣ የሚፈለገው ነገር አለበት። ተቀባዩ ያደርገዋል ወይም አላደርግም ይላል፤ ሦስተኛ መሸሻ የለውም። ከሥሩ የፈራሚዎች ስም ከነቀበሌያቸው፣ የቦታው ፎቶ ከነቀኑ ይያያዝ። ስለ ሙጋ ወንዝም፣ ስለ ተምጫ ወንዝም፣ ስለ እንቦጭ አረምም ባንድ ወረቀት አትጻፉ። እንቦጩ የራሱ ደብዳቤ ይበቃዋል።

ለቅሶ ቤት ላይ አደራ ማለት

ተመራጩ የአገር ልጅ ነው፣ ሠርግና ተዝካር ላይ ይገኛል። ጎንበስ ብለው «ጋሼ፣ ያቺን የጨፌ ነገር አደራ» ይሉታል፤ እሱም «እናየዋለን» ይላል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። የቃል አደራ ግን ቀንም ቁጥርም የለውም። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ እጃችሁ ላይ ይቅር። ጸጥታው መንገድ በማያስኬድበት ጊዜ በስልክ አንሡለት፤ በማግሥቱ ያላችሁትን በጽሑፍ ላኩለት። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ስታገኙት የምታነሡለት ቁጥር ይኖራችኋል።

አራሹን ትቶ ስለ እንስሳው ብቻ ማውራት

ባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጉማሬ አለ። ጉማሬው ሌሊት ወጥቶ የሰው ሰብል ሲበላና ሲረግጥ የሚያድረው ዳሩ ድረስ ስለታረሰ ነው። ይህን የሚያውቅ ተመራጭ «ጉማሬው ይጠበቅ» የሚል ጥያቄ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚታየው የመራጩ የበቆሎ ማሳ ነው፤ ድምፁ እዚያ ነዋ! ከውኃው ዳር የሚከለለው ስፋት ይወሰን፣ ማሳው ለሚነካበት ገበሬ ምትክ ወይም ካሳ ይታሰብ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ገበሬውም አብሯችሁ ይፈርማል። የጮቄ ባሕር ዛፍም ያው ነው። «ይነቀል» ያላችሁ ቀን ባለዛፉ ጠላታችሁ ሆነ፤ ማገዶውም የቤት ማገሩም ከዚያ ነው የሚመጣው። ከምንጩ ይራቅ በሉ።

ስድብና ፓርቲ መቀላቀል

ይህ ረጅም ወሬ አያሻውም። ደብዳቤው የአንዱን ፓርቲ ስም የሚያጠለሽ ከሆነ ጉዳዩ የደን መሆኑ ያበቃል። የደብሩ አለቃ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ መምህሩና አራሹ አብረው ሊፈርሙበት የሚችሉት ዓይነት ይሁን። በየደብሩ ዙሪያ ያለው የዝግባና የወይራ ደን ስንቱን መንግሥት አሳልፏል።

ማኅተም ካረፈበት በኋላ መተኛት

ተመራጩ ዝም ካለ ሌላ በር አለ። በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ለዚህም ጊዜው 60 ቀን ነው፤ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት፣ ካልተሰጠም 30ው ቀን ካለቀበት ዕለት ጀምሮ ነው። የአቤቱታውን ግልባጭ ለተመራጩ ስጡት። ጉዳዩ ችሎት ሊደርስ መሆኑን ሲያይ ጥያቄያችሁን አጀንዳ ለማስያዝ ምክንያት ያገኛል። ያም ሆኖ ካልተንቀሳቀሰ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይናገራል። ይህን ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አትጻፉት፤ ለሦስተኛው አቆዩት።