«ባንዳ» ከማለትህ በፊት

ክርክር ሲጦፍ «አንተ ባንዳ!» ልትል ስትል አንዴ ቆም በል። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፤ እዚያ ቡድን፣ ጭፍራ ማለት ነው እንጂ ስድብ አልነበረም። ጣሊያኖች በቅኝ ግዛት ጦራቸው ከመደበኛው አስካሪ (በቅኝ ግዛት ጦር ከተቀጠረው የአገሬው ወታደር) ውጭ ያሰለፏቸውን የአገሬው ታጣቂዎች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 በነበረው ወረራ ግን አርበኛው ዱር ሲገባ ለጠላት ያደረው፣ መንገድ የመራው፣ ወገኑን የጠቆመው ሁሉ ባንዳ ተባለ፤ ቃሉም መራራ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ መለኪያህ ይሄ ይሁን፦ ሰውዬው ለባዕድ አድሮ አገሩን ወግቷል? ካልሆነ ሌላ ቃል ፈልግ። ምስጢርህን ላወጣ ጓደኛ «ከዳተኛ» ይበቃዋል። ያመነበትን የካደ ደግሞ «ከሃዲ» ነው። በሐሳብ የተለየህን ሰው ባንዳ ማለትማ፣ እኔን ከጠየቅከኝ፣ መልስ ማጣት ነው።